ኮራልን ሳይነኩ መጥለቅ

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም የባሕር ቁጥቋጦ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ተሰባስበው ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይሠራሉ፤ ያ አጽም በሺህ ዓመታት ተደራርቦ ሪፍ ይሆናል። አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያገኙት በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩና በፀሐይ ብርሃን ስኳር ከሚያመርቱ አልጌዎች ነው። ውኃው ከተለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹ ይወጣሉ፣ ኮራሉ ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደም በረሃብ ይሞታል። ሪፍ የያዘው ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ በታች ቢሆንም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ይጠጉበታል።

በቀይ ባሕር ዳር ወዳሉት ሻርም ኤል ሼክ ወይም ኤላት ሄዶ ለመጥለቅ የሚሰናዳ ሰው ስለ ቪዛ፣ ስለ መነጽርና ስለ ካሜራ ይጨነቃል። ሪፉን የሚያድነው ዝግጅት ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ውኃ ውስጥ ሳይሰምጡና ሳይንሳፈፉ ባሉበት የመቆየት ችሎታ ነው። ወገቡ ላይ ለመስመጥ የሚታሰረውን የእርሳስ ክብደት ያበዛ ጠላቂ እግሩ ወደ ታች ይጎተታል፤ ራሱን ለማንሳት በታገለ ቁጥር የእግሩ መቅዘፊያ ኮራል ይሰብራል፣ አሸዋም ያለብሰዋል። ብዙ ጠጣር ኮራሎች በዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ የአንድ ርግጫ ጥፋት የሚጠገነው በብዙ ዓመታት ነው። ውኃ ውስጥ ሚዛን አለመጠበቅ ደግሞ ከጉዞው በፊት በመዋኛ ገንዳ የሚታረም ጉድለት ነው። ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ብዙ ይወራል፤ የፓስፊክ ደሴቶች የሆኑት ፓላው እ.ኤ.አ. ከ2020፣ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ አንዳንዶቹን ከልክለዋል። በሰፊ ባሕር ላይ ጉዳታቸው ምን ያህል እንደሆነ አሁንም ያከራክራል፤ እጅጌ ረጅም ልብስ ግን ክርክሩን ያስቀራል።

ኮራልን የሚፈጀው የባሕር መሞቅ ከሆነ የአንድ ጠላቂ እግር ምን ቁም ነገር አለው የሚል ይኖራል። ሰሜናዊው ቀይ ባሕር ለዚህ መልስ አለው። በዚያ ባለው በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የሚገኙ ኮራሎች ሌላውን የሚገድል ሙቀት ሲችሉ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ወደ ሰሜን የዘለቁት የኮራል እጮች በባብ ኤል መንደብ ገብተው ሞቃቱን ደቡብ ማቋረጥ ስለነበረባቸው ያለፉት ሙቀት ቻዮቹ ብቻ ናቸው ይላሉ። ሙቀት አይነካቸውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ሙቀቱ ፋታ በሰጠበት ቦታ መልሕቅ፣ ፍሳሽና የጠላቂ እግር የሚያደርሱት ጥፋት ይበልጥ ይመዝናል።

እንዲያ ከሆነ ጠላቂዎችን ማገድ ይሻላል ማለትም አያስኬድም። ግብፅ የመጀመሪያዋን ብሔራዊ ፓርክ፣ ራስ ሙሐመድን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከለለች፤ ጎብኚም የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል። ሁርጋዳ ውስጥ መልሕቅ ሪፉ ላይ መጣሉ እንዲቀር ጀልባዎች ታስረው የሚቆሙባቸው ተንሳፋፊ ቡዮች እንዲተከሉ የታገለው እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ሄፕካ ነው፤ ጀማሪዎቹም ከመጥለቅ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ሪፉን ማንም የማያየው ቢሆን ተከራካሪም ባላገኘ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ግን ከዚያ አብልጦ መቆየቱ ይበጃል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊትም የጀልባውን ባለቤት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ የሚያስረው ቡይ ላይ ነው ወይስ መልሕቅ ይጥላል? መልሕቅ እጥላለሁ ካለዎት ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።