ያላለቀ ቮልስ ገዝቶ ሸዋሮቢት ማግባት

አንድ የሸዋሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ የመስኖው ምርት ካሰበው በላይ ያዋጣውና ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ገባ እንበል። ደላላው ወደ አንድ ጋራዥ ግቢ ወስዶ ሸራ የለበሰ ነገር ይገልጥለታል። ሻንሲው በአራት ጎማ ቆሟል፤ ቦዲው ለብቻው በርሜል ላይ ተቀምጧል፤ ሞተሩ በአሮጌ ጎማ ላይ ተጋድሟል፤ የቀረው ዕቃ በሦስት ጆንያ ታስሯል። «ቮልስ ነው፤ መግጠም ብቻ ነው የቀረው» ይባላል። ይህች «ብቻ» የምትለዋ ቃል ስንት ብር እንደምታስወጣ ብዙ ገዢ የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ገዢ የሚያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን፣ በተለይም ዕድሜያቸው የገፋውን፣ ወደ አገር ማስገባት ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ዕቃ ዋጋ ተጨማሪ ደረጃ ወጣ። ምንጩ ሲጠብ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ብረት ዋጋ ያገኛል። በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዓመት ከሚሰጡን ትምህርቶች ገበያ ላይ ወርደን በትክክል ሲሠራ የምናየው አንዱ ይኸው ነው።

ተበትኖ የሚሸጥ መኪና በውጭም ቢሆን የታክስ ልጅ ነው። የእንግሊዙ ሎተስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ሰቨን የተባለችውን ትንሽ መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ብዙ ገዢ ተበትና የምትሸጠውን የመረጠው፣ ተገጣጥማ ብትሸጥ የሚከፈለው የግዢ ታክስ በዕቃነት ስትሸጥ ስለማይከፈል ነበር። በ1973 ያ ታክስ በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ጥቅሙ ቀረ፤ ሎተስም በዚያው ዓመት የመኪናዋን መብት ለካተርሃም አስተላለፈ። በእኛም አገር ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች ባወጣው ውሳኔ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ የሚገባው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጣልበት፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባው ከቀረጥ ነፃ ሆኗል። ነገሩ ያው ነው፤ መንግሥት ብሎኑን የሚያጠብቀውን ሰው ይሸልማል።

ሽልማቱ ግን ብሎኑን አጥብቆ ለጨረሰ ነው። ተበትነው የመጡ መኪኖችን እዚህ ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ሲከስር፣ ቀድመው ከፍለው መኪናቸውን ያልተረከቡ ደንበኞች ነበሩ። ትልቅ ድርጅት ላይ የደረሰው ጋራዥ ጥግ ላይ ባለች አንዲት ቮልስ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም።

ቮልስን ለዚህ ንግድ ተመራጭ ያደረጋት አሠራሯ ነው። ቦዲዋ ከሻንሲዋ በብሎን ይለያል። አሜሪካዊው ብሩስ ሜየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 የራሱን የፋይበር ቦዲ አሠራርቶ በኋላ በቮልስ ሻንሲ ላይ የሚገጠም አድርጎ መሸጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ማምረቱ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች የሞተርና የፍሬን ዕቃዋ ዛሬም ይመረታል። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር የላትም፤ ለይፋት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገዢው ልብ ሊለው የሚገባው ግን በሕግ ፊት መኪናዋ ማለት ቁጥሯ መሆኑን ነው። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው በሻንሲው መካከል በሚያልፈው ቧንቧ መሰል ወገብ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው በተቀመጠበት እግር ሥር ይገኛል። ባትሪ ይዞ፣ ዝገቱን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከሆነ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም፤ ሻይ ጠጥቶ መሄድ ነው። ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ ደግሞ ለውጡ በመዝጋቢው አካል ተፈቅዶ ሊብሬው ላይ መስፈሩ ይጣራ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይህን ለባለቤቱ ፈቃድ አልተወውም። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ተረጋግጦ፣ ቦሎ ሳታድስ የከረመችባቸው ዓመታት ክፍያ የማን እንደሆነ ተጽፎ፣ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። የጆንያዎቹ ዕቃ ዝርዝርም አብሮ ይያያዝ።

ስለ ዋጋው። ለስሌት እንዲመች ያለቀችውን ቮልስ 100 ብር እንበላት። ጋራዡ ቀሪው ሥራ 40 ብር ይፈጃል ካለ ሻጩ 60 ይጠይቃል። ሂሳቡ ትክክል የሚመስለው 40ው 40 ሆኖ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው። ባትላሜራው ቀለሙን ሲያነሳ ከሥር የሚያገኘውን ዝገት ማንም አስቀድሞ አያየውም። የሞተር ዕቃ ተፈልጎ ይገኛል፤ ገንዘብ የሚበሉት የጎደሉ የበር ቁልፎች፣ መስታወቶች፣ የመስኮት ጎማዎችና ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቀየር የኤሌክትሪክ ሽቦ ናቸው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ጠንቃቃ ገዢ 40ውን 60 አድርጎ ቆጥሮ፣ የማጓጓዣውን ቀንሶ፣ ከ35 ብር በላይ ባይሰጥ ይሻለዋል። እስኪያልቅ ድረስ ያ ገንዘብ ማሾና ሽንኩርት ላይ እንደማይሽከረከርም ይታወስ።

አሁን ሸዋሮቢት ወደሚያስገባው 225 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንምጣ። ሦስት ሐሳብ ይቀርባል፦ በገመድ መጎተት፣ ቦዲውን በጥድፊያ አስገጥሞ መንዳት፣ ወይም መጫን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርካሽ የሚመስሉት እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር፣ በደብረ ሲና በኩል፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋሮቢት መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። 800 ኪሎ የምትመዝን ቮልስ 1,700 ሜትር ስትወርድ የምታወጣው ጉልበት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከቀዝቃዛነቱ እስከ ፍላት የሚያደርስ ነው። በከባድ ማርሽ የሞተሩ ጉልበት ካልያዛት አብዛኛው ይህ ሙቀት የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው። ዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሙቀት ቶሎ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ የሚይዝም ነገር የለም። በገመድ የምትጎተተዋ ሞተሯ ስለማይሠራ ያላት ይኸው ፍሬን ብቻ ነው፤ ያላበደ ሰው ይህን አያደርግም። ቦዲ የሌለው ሻንሲ ደግሞ የነዳጅ ታንኩና የመሪው ዘንግ የሚያርፉት ቦዲው ላይ ስለሆነ እንንዳህ ቢሉትም አይነዳም።

ስለዚህ መጫን ነው። ከሸዋሮቢትና ከአጣዬ ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ አይሱዙ ተመላሽ ጭነት ይፈልጋል። የሽንኩርት ነጋዴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዋጋውን መደራደር ያለበትም መኪናው ካራገፈ በኋላ እንጂ ከመጫኑ በፊት አይደለም። ሻንሲው ታኮ ተደርጎለት በሁለቱም ጫፍ በሰንሰለት ከሻንሲው ይታሰር። ቦዲው ከሥሩ አሮጌ ጎማ ይነጠፍለት፤ የፊት ክዳኑ ነፋስ እንዳያነሳው በገመድ ይጠፈር። ነዳጅ ካለ ይቀዳ፣ ባትሪው ይነሳ። መስታወቱ በጋቢ ተጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ከገዢው ጋር ይሂድ። የሦስተኛ ወገን መድን በጉዞ ላይ ያለን ዕቃ ጉዳት ስለማይሸፍን የጭነት መድን ለብቻው ይጠየቅ። ሊብሬውና ውሉ ለኬላ ፍተሻ እጅ ላይ ይሁኑ።

ጣርማ በር ጭጋጋም ስለሆነ ጉዞው የቀን ይሁን። አካባቢው በ2013 ዓ.ም. የአጣዬን ቃጠሎ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር እስከ ሸዋሮቢት የደረሰውን ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንገድ የተቋረጠባቸውን ቀናት አይቷል። በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን በዋዜማው ሳይጠይቁ መኪና መጫን ከፍሬን አልባ ጉዞ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

የድለላው ክፍያም የሚሰጠው ስሙ ከዞረ በኋላ ይሁን። ደላሎች ይህን አይወዱትም። ይሁን እንጂ ሸዋሮቢት ገብቶ ጆንያው ሲፈታ ዝርዝሩ ላይ ያለው ካርቡራተር ከሌለ፣ ነጋዴው ስልክ ሲደውል ፈጥኖ የሚነሳለት ገና የሚቀበለው ገንዘብ ያለው ሰው ነው።