የጭን የኋላ ጡንቻ የመለጠጥ አቅም እንዴት ይለካል?

ሃምስትሪንግ የሚባሉት ሦስት የጭን የኋላ ጡንቻዎች ከዳሌ ተነስተው ከጉልበት በታች ያርፋሉ። የመለጠጥ አቅማቸውን ለመለካት በስፋት የሚታወቀው ዘዴ እግርን ዘርግቶ ተቀምጦ ወደ እግር ጣቶች መንጠራራት ሲሆን፣ ዌልስና ዲሎን በ1952 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ በወገብ መተጣጠፍና በእጅ ርዝመት ጭምር ስለሚወሰን፣ ጣቱን መንካት ያልቻለ ሁሉ ጡንቻው አጥሯል ማለት አይደለም።

በፊዚዮቴራፒ ክፍል ተገልጋዩ በጀርባው ተኝቶ አንድ እግሩን ይዘረጋል፤ የሌላውን እግር ዳሌና ጉልበት 90 ዲግሪ ካጠፈ በኋላ፣ ጭኑን ሳያንቀሳቅስ ጉልበቱን በዝግታ ይዘረጋል። ባለሙያው ጉልበቱ ቀጥ ለማለት የቀረውን ማዕዘን ጎኒዮሜትር በተባለ መሣሪያ ያነባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ከቀረ ጡንቻው እንዳጠረ ይቆጠራል። ሁለቱም እግሮች በየተራ ይለካሉ።

በልኬቱ ወቅት ከጭን ጀርባ የመወጠር ስሜት ይጠበቃል። ከጉልበት በታች የሚወርድ ንዝረት ወይም መደንዘዝ ግን የነርቭ ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ተገልጋዩ እንቅስቃሴውን አቁሞ ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርበታል። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር ያቃተው ሰው የልኬት ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአፋጣኝ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ አለበት።