የሰነድን ገጽ ያለ ዋጋ ወደ ምስል ስለ መለወጥ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው በሽሮ ሜዳ፣ የሀገር ልብስ ነጋዴዎች ከሩቅ ደንበኞቻቸው ጋር በስልክና በቴሌግራም መገናኘት ከጀመሩ ቈይተዋል። የነጠላውና የቀሚሱ ፎቶግራፍ ያለ ችግር ይደርሳል። የዋጋ ዝርዝሩ ወይም ፕሮፎርማው ግን ፒዲኤፍ በተባለው የሰነድ ዓይነት ተዘጋጅቶ ሲላክ፣ አንዳንድ ጊዜ ከተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ባዶ አራት ማዕዘን ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ነው። ዋጋውን ማንበብ ያልቻለ ደንበኛም ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

የዚህ ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ፒዲኤፍ አዶቢ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን፣ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ዓላማው ገጹ በማንኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ነው፤ ይህም የሚፈጸመው የፊደሉ ቅርጽ ከሰነዱ ጋር አብሮ የተያያዘ እንደ ሆነ ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ስፍራ ያስቀምጡ ስለ ነበር፣ በነርሱ የተጻፈ ሰነድ የፊደሉ ቅርጽ ካልተያያዘበት በሌላ ማሽን ላይ ላቲን ሆኖ ይወጣል።

ገጹ ወደ ምስል ሲለወጥ ፊደሉ የነጥቦች ስብስብ ስለሚሆን፣ ተቀባዩ ምንም ዓይነት ስልክ ቢይዝ ያው መልክ ይታየዋል። ነገር ግን ለውጡ መደረግ ያለበት ጽሑፉ በትክክል በሚነበብበት በላኪው ማሽን ላይ ነው። ተቀባዩ የተበላሸውን ገጽ ወደ ምስል ቢለውጠው የሚያገኘው የብልሽቱን ምስል ነው።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ጊምፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ፒዲኤፍ ሲከፈትበት የትኛው ገጽ እንደሚፈለግና የምስሉ ጥራት ምን ያህል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከዚያም ገጹን በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ ዓይነት ያወጣል። በማኪንቶሽ ላይ ያለው ፕሪቪውም ይህንኑ ያደርጋል። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም፤ ይህም በአዲስ አበባ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በጥራቱ ምርጫ ረገድ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አንድ የኤ4 ገጽ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲለወጥ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ በ150 ሲለወጥ ግማሹን፣ ማለት 1240 በ1754። ለስልክ ንባብ 150 ይበቃል፤ ለሚታተም ግን 300 ይሻላል። በተለይ ለአማርኛ ጥራትን መሠሠት አይገባም፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ቅጥያ ስፍራ ብቻ ነውና። ጄፔግ ለፎቶግራፍ የተበጀ ስለ ሆነ በፊደሉ ዳርና ዳር ጥላ ይጥላል፤ ፒኤንጂ ግን መስመሩን እንዳለ ይጠብቃል። ቴሌግራምም በፎቶ መልክ የተላከውን ምስል መጠኑን ስለሚቀንሰው፣ በፋይል መልክ መላክ ይመረጣል።

ሰነድ ተቀብለው በነጻ ለውጠው የሚመልሱ የኢንተርኔት ገጾችም አሉ። ለማስታወቂያ ወረቀት መልካም ናቸው። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የደንበኛ ስም ያለበት ሰነድ ግን ባለቤቱ ወደማይታወቅ ማሽን መላክ የለበትም። በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ረስቶ የሚተውም ሰነድ ከዚህ ብዙ አይለይም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የደንበኛን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም፣ በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንደ ቀድሞው አይፈለግም፣ አይቀዳምም። በአዋጅ ቍጥር 1072/2010 መሠረት በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ሰነድ ወደ ምስል ሲለወጥ የፊርማው ሥዕል ይቀራል እንጂ ማረጋገጫው አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ውልና ደረሰኝ በፒዲኤፍ እንደ ተፈረሙ ተቀምጠው፣ ምስሉ ለማሳያ ብቻ ይላካል።