ደም ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳት

በኩላሊት ንቅለ ተከላ ወቅት የቀዶ ክፍሉ ሰው ሁሉ የሚጠብቃት ቅጽበት አለች። ሐኪሙ የኩላሊቱን ደም ሥሮች ከተቀባዩ ደም ሥሮች ጋር ሰፍቶ ሲጨርስ መቆንጠጫውን ይለቃል። ገርጥቶ የነበረው ኩላሊት ይቀላል፣ ይወጠራል፤ ብዙ ጊዜም ሳይቆይ ሽንት ጠብ ማለት ይጀምራል። አንዳንዴ ግን ኩላሊቱ ቀልቶም ሽንት አይመጣም። ታካሚው አዲስ ኩላሊት ተተክሎለት ሳለ ለቀናት፣ ሲብስም ለሳምንታት፣ ወደ እጥበት ይመለሳል። ለዚህ መዘግየት ዋነኛ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ደም በተመለሰባቸው በእነዚያው ደቂቃዎች የሚደርሰው ጉዳት ነው።

ኦክስጅን የተጠማን ሕዋስ ኦክስጅን እንዴት ይጎዳዋል? ነገሩ የሚጀምረው ደም በተቋረጠበት ሰዓት ነው። ሕዋሱ ጉልበት የሚያገኝበት ኤቲፒ ይመናመናል፤ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፤ ሶዲየም ውሃ አስከትሎ ይገባና ሕዋሱ ያብጣል። ካልሲየምም ይከማቻል። በሕዋሱ የጉልበት ማመንጫ፣ በማይቶኮንድሪያ፣ ውስጥ ደግሞ ሰክሲኔት የሚባል ንጥረ ነገር ይቆለላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ኦክስጅን ሲመለስ ይህ ክምችት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። በብዛት የሚለቀቁት ኤሌክትሮኖች የተለመደ መንገዳቸውን ትተው ወደ ኋላ ይፈስሳሉ፤ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኙም ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ጎጂ ሞለኪውል ይፈጠራል። ማይቶኮንድሪያው ይቀደዳል፣ ሕዋሱ ይሞታል። ከሞተው ሕዋስ የሚወጣው ነገር ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል፤ እነሱም ጥቃቅን ደም ሥሮችን ይዘጋሉ፣ የተቀባዩንም የመከላከያ ሥርዓት በአዲሱ አካል ላይ ያነሣሣሉ።

የመጀመሪያው መከላከያ ቅዝቃዜ ነበር። አካሉ በልዩ ፈሳሽ ታጥቦ በበረዶ ሳጥን፣ 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፎልከርት ቤልዘርና ጄምስ ሳውዛርድ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት ፈሳሽ ጉበትንና ኩላሊትን ለረጅም ሰዓት ማቆየት አስችሏል። ልብ ግን ዛሬም በበረዶ ሳጥን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚታገሠው። ቅዝቃዜ ክምችቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሱፐርኦክሳይድን ያመክናሉ የተባሉ መድኃኒቶችም ብዙ ተሞክረዋል። በእንስሳት ላይ ተስፋ የሰጡት አብዛኞቹ በሰው ላይ ያንኑ ውጤት አልደገሙም። በእኔ እምነት አንዱ ምክንያት ሰዓቱ ነው፤ ጥፋቱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጀምር፣ መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ወይም ከደሙ በኋላ ሲደርስ ዋናው ነገር አልፏል። ስለዚህ ሥራው መሠራት ያለበት መቆንጠጫው ከመለቀቁ በፊት ነው።

በዚህ መንገድ ጥሩ ውጤት ያመጣው ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የአውሮፓ ጥናት ከ336 ለጋሾች የተወሰዱት ኩላሊቶች ተከፋፈሉ፤ የአንድ ሰው አንዱ ኩላሊት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ በሌላው ውስጥ ማሽን ቀዝቃዛ ፈሳሽ እያመላለሰ አቆየው። ሥራ ለመጀመር የዘገዩት ከ26.5 ወደ 20.8 በመቶ ዝቅ አሉ። ጥናቱን የምወደው አነጻጻሪው የዚያው ሰው ሌላው ኩላሊት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ልባቸው ቆሞ ካረፉ ለጋሾች የተወሰዱ ጉበቶች፣ ከመተከላቸው በፊት ኦክስጅን የተሞላ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቢያንስ ለ2 ሰዓት እንዲዘዋወርባቸው ተደረገ። የታካሚውን ሕይወት የሚያመሰቃቅለው የሐሞት ቱቦ መጥበብ ከ18 በመቶ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ብዙ ቀን የተራበ ሰው ምግብ በጥቂት በጥቂቱ እንደሚሰጠው፣ ማይቶኮንድሪያው የቆለለውን ሰክሲኔት በቀዝቃዛው ውስጥ ቀስ ብሎ ይጨርሳል፤ ፈሳሹም ነጭ የደም ሕዋስ የለበትም። ትኩስ ደም ሲመጣ የሚቀጣጠለው ክምችት ትንሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ባሉ ለጋሾች ላይ የቆመ ነው። በዚህ ዓይነት ንቅለ ተከላ ኩላሊቱ ሩቅ ስለማይጓዝ በበረዶ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፤ ይህም ራሱ ትልቅ ጥበቃ ነው። የሚያሳስቡት፣ የለጋሹ ደም ሥር ከተዘጋ በኋላ ኩላሊቱ በቀዝቃዛ ፈሳሽ እስኪታጠብ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፤ ኩላሊቱ በሰውነት ሙቀት ላይ እያለ ኦክስጅን የሚያጣው ያኔ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ ቀዝቅዞና ተሰቅሎ መጠበቅ ያለበት ኩላሊቱ ከመውጣቱ በፊት ነው።