ብረትና ባልትና

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1976 የሶቪየት ጦር ሠራዊት ጋዜጣ «ቀይ ኮከብ»፥ በብሪታኒያ የወግ አጥባቂውን ፓርቲ ይመሩ የነበሩትን ወይዘሮ ማርጋሬት ታቸርን ሊነቅፍ ብሎ «የብረት እመቤት» ሲል ሰየማቸው። እሳቸውም በዚያው ወር መጨረሻ ለፊንችሊ ወግ አጥባቂዎች ባደረጉት ንግግር፥ የለበሱትን የማታ ቀሚስና የተኳኳለ ፊታቸውን ራሳቸው እየጠቀሱ ስሙን በደስታ ተቀበሉት። ወንድ ብረት ቢባል ማን ይገረማል? የቃሉ ጉልበት ቀሚሱ ላይ ነበር።

የአገር አስተዳደር ነገር ሲነሣ ግን ብረቱ ይቀርና ባልትናው ይመጣል፤ የቤት ማስተዳደርን ችግር የምታውቅ ሴት የአገርንም ለመረዳት ትቀርባለች ይሉ ነበር። ይኸን ምሳሌ እኛ እንጠረጥረዋለን። የቤት እመቤት ወጪዋን ብትቀንስ ለጓዳዋ ይተርፋል፤ መንግሥት ሲቀንስ ግን ደመወዙ የሚቋረጥበት ሰው አለ። 364 የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1981 መመሪያቸውን ተቃውመው ለ«ታይምስ» ጋዜጣ ጻፉ። ቆጣቢዋን እመቤት በምርጫ አደባባይ ቆሞ «አትቆጥቢ» የሚላት ወንድ ግን ከየት ይገኛል?