መዳብን ከሰልፈር ማላቀቅ፦ የከሰልና የኖራ ሚና ምንድን ነው?

ከጁባ ወደብ በስተሰሜን ምዕራብ እጅግ ርቆ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡበት ካፊያ ኪንጊ፣ መዳብ ለዘመናት የወጣበት ሆፍራት ኤል ናሃስ ይገኛል። ስሙ በአረብኛ “የመዳብ ጉድጓድ” ማለት ነው።

መዳብ በበርካታ ማዕድናት ውስጥ ከሰልፈር ጋር ተዋህዶ ይገኛል። ማዕድኑ በአየር ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ካልተያዘ ሳንባን ይጎዳል፤ የአሲድ ዝናብም ያስከትላል።

በሌላ ዘዴ የተፈጨው ማዕድን ከከሰልና ከተቃጠለ ኖራ ጋር ተቀላቅሎ አየር በማይገባበት ምድጃ ይግላል። ኖራው ሰልፈሩን ይዞ ኦክስጅኑን ይለቃል፤ ከሰሉ ኦክስጅኑን ሲወስድ መዳቡ ነጻ ይወጣል።

አደጋው ግን አይጠፋም። ከምድጃው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። የሚቀረው ካልሲየም ሰልፋይድም እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል። እንደ ጁባ ወደብ ባለ የወንዝ ዳርቻ እንዲህ ያለውን ዝቃጭ ሜዳ ላይ መጣል ውሃንም አየርንም ለብክለት ያጋልጣል።