የምርጫ ግምትና የቦሌ ለሚ ሠራተኞች





የሕዝብ ተወካዮች ምርጫ በተነሣ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ላይ «እገሌ ያሸንፋል፤ እገሌ ይወድቃል» የሚል ክርክር መስማት የተለመደ ነው። መከራከሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን አብዛኛው ሰው እንዲህ የሚለው አጠገቡ ያሉትን ሁለት ሦስት ባልደረቦች ጠይቆ፥ ወይም በአደባባይ የወጣውን ሰልፍ አይቶ ነው። ይህ ትንቢት እንጂ ግምት ሊባል አይችልም፤ ነቢይ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አይገኝም።

በሕጋችን መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሹን መሙላት አያስፈልገውም። ለምሳሌ አራት ሰዎች ተወዳድረው 2,900፥ 2,800፥ 2,300 እና 2,000 ድምፅ ቢያገኙ፥ የመጀመሪያው እንደራሴ ይሆናል፤ የቀሩት 7,100 ድምፆች ወንበር አያመጡም። በዚህ ክልል 51 ሰዎች ብቻ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ቢዛወሩ ውጤቱ ይገለበጣል። 51 ሰው ማለት አንድ የመማሪያ ክፍል ነው።

ከተማችንም ትልቅ መገለባበጥ አይታለች። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ግን ኢሕአዴግ 22ቱን አግኝቶ ለተቃዋሚው ወገን የቀረችው አንዲት ወንበር፥ የመድረኩ የአቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበረች። በመካከሉ የሆነው ሁሉ፥ የቅንጅት መሪዎች መታሰርና የፓርቲው መበታተን ጭምር፥ ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም ወንበሮች ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆኑ፤ ያን ጊዜ መገመት ቀላል ነበር፥ የሚገመት ነገር አልነበረምና። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫም ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን ብልጽግና ወስዷል።

በአሜሪካ አገር በ1936 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመለሱለትን ወረቀት ቈጥሮ ላንደን ያሸንፋል አለ። ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነበር፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ። መጽሔቱ የጠያቂ ማነስ አልነበረበትም። የሰዎቹን ስም በብዛት ያገኘው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበረ ድኻው በጥያቄው ውስጥ አልገባም።

የእኛም የሻይ ሰዓት ጥያቄ ከዚህ አይለይም። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛው በአብዛኛው ከገጠር የመጣ ወጣት፥ ይልቁንም ሴት ነው። እነዚህን ልጆች ስለ ምርጫ የሚጠይቃቸው ሰው አላየሁም። የምርጫ ሕጉ፥ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፥ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ያዛል። በማታ ከማስተምራቸው መካከል በዚያ የሚሠሩትን ብጠይቅ፥ ከግማሽ የሚበልጡት አሁን ባሉበት ቤት ስድስት ወር አልሞላቸውም። ኪራይ ሲጨምር ከጎሮ ወደ ቦሌ አራብሳ፥ ከዚያም ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ፋብሪካውም እንደ ገበያው ነው፤ አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከኢትዮጵያ ስትወስድ ለዚያ ገበያ የሚሰፉ ሁሉ ተናግተዋል። ስለዚህ ልጅቱ ባለችበት አትመዘገብ፥ ለአንድ ቀን ድምፅ ብላ ወደ ትውልድ አገሯ አትሄድ፤ በሁለቱም ቦታ ሳትቈጠር ትቀራለች።

በዚህ ላይ የመጨረሻው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቈጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ በኩል ስንት ኮንዶሚኒየም እንደ ተሠራና ስንት ሰው እንደ ገባበት በዓይናችን ያየነው ነው። በ1999ኙ ቍጥር ተመርኩዞ በዚህ ወገን ማን ያሸንፋል ብሎ መገመት፥ የልጅን ልክ በሕፃንነት ጫማው እንደ መውሰድ ነው።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው። የመራጮች ምዝገባ በተዘጋ ጊዜ ጋዜጣችሁ የተመዘገበውን ሰው ቍጥር በየምርጫ ክልሉ፥ ቢቻልም በየጣቢያው ለይቶ፥ ካለፈው ምርጫ ቍጥር ጎን ቢያትምልን። የቦሌ ለሚ ዙሪያ ጣቢያዎች ከሌላው አንሰው ከተገኙ ምዝገባው ስለ ምን እንዳነሰ የምርጫ ቦርድ በዚያው ገጽ እንዲያስረዳን ቢጠየቅልን።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፥
ከቦሌ ለሚ አካባቢ፥ አዲስ አበባ